እሬትና ሶብር፦ ቅባት ከመሸጣችን በፊት የምናነበው ታሪክ



ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ወንድማችን ትንሽ ብልቃጥ ይዞ መጣ። ውስጡ አረንጓዴ ቅባት አለ። ከከተማው ዳር ሜዳ ላይ ከቆረጠው እሬት፣ ከጥቁር አዝሙድ ዘይትና ከሰም ቤቱ ውስጥ የቀመመው ነው። ብልቃጡ ላይ «ጢብቡን ነበዊ» ብሎ ጽፎበታል። «ሐዲስ አለው አይደል? ለጀመዓው አስተዋውቁልኝ» አለን። በማን ላይ እንደሞከረው ጠየቅነው። ታናሽ እህቱ ፊቷን ተቀብታ ሽፍታ ወጥቶባታል። «መድኃኒት ሲሠራ እንዲህ ያደርጋል» አለ።

ወንድማችን ክፉ አላሰበም፤ ሐላል ሪዝቅ እየፈለገ ነው። ግን በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስም የሚሸጥ ነገር ቀላል አይደለም። ስለዚህ ኪታቦቹን ገለጥን።

ሐዲሱ ውስጥ ምን አለ?

እሬት በዐረብኛ «ሶቢር» ይባላል። ትዕግሥት ከምንለው «ሶብር» ጋር ፊደላቱ አንድ ናቸው፤ ሷድ፣ ባእ፣ ራእ። እናት ጡት ለማስጣል እሬት ስትቀባ ያየ ሰው የሁለቱ ዝምድና አይጠፋውም፤ ሁለቱም መራራ ናቸው።

አቡ ዳውድና ነሳኢ የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ። አቡ ሰለማ (ረ.ዐ) በ4ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲሞቱ ባለቤታቸው ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ዒዳ ላይ ነበሩ። እሬት ተቀብተው ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገቡና ምን እንደሆነ ጠየቋቸው። ሽቶ የሌለበት እሬት መሆኑን ነገሯቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ፊትን የሚያፈካ በመሆኑ ሌሊት ብቻ እንዲቀቡትና ቀን እንዲያነሡት አዘዙ። በሰነዱ ላይ ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ ኢብኑ ሐጀር ሐሰን ሲሉት ሌሎች አድክመውታል። በሶሒሕ ሙስሊም ደግሞ በኢሕራም ላይ ያለ ሰው ዓይኑን ሲታመም እሬት እንዲያደርግበት ከዑስማን (ረ.ዐ) በልጃቸው አባን በኩል ተላልፏል።

ልብ እንበል። የመጀመሪያው ስለ ዒዳ ሕግ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ኢሕራም። እሬት በዚያ ዘመን በሰዎች እጅ የነበረ የታወቀ ነገር እንደሆነ ያሳዩናል። ግን አንዱም የቅባት አሠራር አይነግረንም፤ አንዱም «ለቆዳ በሽታ ሁሉ» አይልም። የኡሙ ሰለማው ዘገባ እንዲያውም ገደብ ያለበት ነው፦ ሽቶ የለበትም፣ ጊዜው ሌሊት ነው፣ ቀን ይነሣል።

የትኛው እሬት?

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። የእሬት ቅጠል ሲቆረጥ ከልጡ ሥር ቢጫ፣ እጅግ መራራ ፈሳሽ ይወጣል። ከዚያ ውስጥ ደግሞ ነጣ ያለ፣ የሚያሟልጭ ሥጋ አለ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በድሮዎቹ የመድኃኒት ኪታቦች «ሶቢር» ተብሎ የሚነገድበት መራራው ፈሳሽ ደርቆ ነው። በጣም የሚያስቀምጥ ሲሆን የአንዳንድ ሰው ቆዳንም ያስቆጣል። ዛሬ ፋብሪካዎች ለቅባት የሚጠቀሙት ግን በአብዛኛው የውስጡን ሥጋ ነው።

ከሁሉ የተመረጠው ሶቢር «ሱቁጥሪ» ይባል ነበር፤ ከሶቆጥራ ደሴት የሚመጣው ማለት ነው። የደሴቲቱ ሰዎች መሬት ላይ ጎድጓዳ ቦታ አበጅተው የፍየል ቆዳ ያነጥፋሉ፤ የተቆረጡትን ቅጠሎች ዙሪያውን ደርድረው ፈሳሹ ራሱ እስኪንጠባጠብ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ያደርቁታል። ሶብር ይሉሃል ይህ ነው! በ956 የሞቱት ታሪክ ጸሐፊው መስዑዲ፣ እስክንድር ደሴቲቱን የፈለጋት በአሪስጣጣሊስ ምክር ለእሬቷ ሲል ነው የሚል ትረካ አስፍረዋል። ትረካው እውነት ሆነም አልሆነ፣ የዚያ ዘመን ሰው እሬትን በምን ዓይን ያይ እንደነበር ያሳያል።

ዑለማዎቹ እንዴት ያውቁ ነበር?

በ1197 አካባቢ በአንደሉስ ማላጋ የተወለዱትን ኢብኑል በይጣርን እንመልከት። ከሰሜን አፍሪካ እስከ ሻም ተጉዘው ዕፅዋትን በበቀሉበት አዩ፤ የቀደሙትን ሰዎች ቃል በየስማቸው እየጠቀሱ፣ ስሕተት ያገኙበትን እያረሙ፣ ወደ 1,400 የሚጠጉ መድኃኒቶችን የያዘ ኪታብ ጻፉ። በ1248 ደማስቆ ሞቱ። ከእሳቸው ሁለት ክፍለ ዘመን ቀድሞ ቢሩኒ የአንዱን መድኃኒት ስም በብዙ ቋንቋ እያነጻጸሩ መዝግበዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በስም ስሕተት ሰው ይጎዳል።

ገበያውም ልቅ አልነበረም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሸይዘሪ ለሙሕተሲብ፣ ማለትም ለገበያ ተቆጣጣሪ፣ በጻፉት መመሪያ የመድኃኒት ሻጮችን ማጭበርበር የሚያጋልጥ ምዕራፍ አለ።

ከዚህም በላይ አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጀህ የዘገቡት ሐዲስ አለ፦ በሕክምና ሳይታወቅ ያከመ ሰው ለጉዳቱ ተጠያቂ ነው የሚል መልእክት አለው። በ1350 የሞቱት ኢብኑል ቀዪም ይህን በሰፊው አብራርተዋል። ስለ ጢብቡን ነበዊ የጻፉት እኚሁ ዓሊም ናቸው! እኛ ግን ከኪታባቸው የመድኃኒቱን ስም ይዘን የተጠያቂነቱን ምዕራፍ ዘለልነው።

ለወንድማችን ምን አልነው?

በአገራችንና በምሥራቅ አፍሪካ የእሬት ዓይነቱ ብዙ ነው፤ መርዛማም አለበት። ሜዳ ላይ ያገኘኸው የትኛው እንደሆነ ከሚያውቅ ጠይቅ። ቢጫው ፈሳሽ ሳይንጠባጠብና ሳይታጠብ ከሥጋው ጋር አትደባልቀው። ውኃ ያለበት ቅባት ቤት ውስጥ ተሠርቶ ሲቀመጥ ቶሎ ይበላሻል፤ ሻጋታ ያበቅላል። ቁስል ላይ፣ ሕፃን ላይ አታድርግ። ሽፍታ ያወጣበት ሰው ወዲያው ያቁም፤ ካልተሻለው ጤና ጣቢያ ይሂድ። የእህትህ ፊት ገና የሚነግርህ ነገር አለ፣ ስማው።

መጨረሻ ላይ ደግሞ፦ ጽሑፉን አንሣ። «የእሬት ቅባት» በለው። ሥራህ ከሆነ በስምህ ይሸጥ፤ ከተበላሸ አንተ ትጠየቅበታለህ፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ግን ያላሉት አይለጠፍም።

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ጽሑፉን በጥፍሩ ፍቆ አነሣው። በሚቀጥለው ሳምንት እህቱን ይዞ ጤና ጣቢያ እንደሄደ ነገረን።

ውድ ወንድምና እህቶች፣ እሬቱን ከመቁረጣችን በፊት ሶብሩን እንያዝ። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን።

ወላሁ አዕለም።