ኬብል ያልደረሰባት ሸዋ ሮቢት

ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ፣ በካሊፎርኒያዋ ኢንግልዉድ ከተማ፣ «ሮው» የተባለው ሳምንታዊ የሬስሊንግ ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ በኔትፍሊክስ ተላለፈ። በእኛ አገር ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ የገና ሌሊት ነበር። ትርኢቱ ከጥር 1985 ዓ.ም. ጀምሮ 32 ዓመት ሙሉ የኬብል ቴሌቪዥን ንብረት ሆኖ ቆይቷል። አዲሱ ውል የ10 ዓመት ሲሆን ዋጋውም ከ5 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል። በአሜሪካ ነገሩ የኬብል ዘመን መጨረሻ ተደርጎ ተወሰደ፤ ለእነሱ ልክ ነው። ሸዋ ሮቢት ያለችበት ይፋት ቆላ ግን ኬብል ኖሮት አያውቅም። እንዲያም ሆኖ አንደርቴከርን፣ ጆን ሲናንና ሬይ ሚስቴሪዮን በስማቸው እየጠራ፣ አጣጣላቸውን እየኮረጀ ያደገ ትውልድ በአገራችን የመንገድ ዳር ከተሞች ሁሉ አለ። የኬብልን ቦታ ይዞ ይህን ትውልድ ያሳደገው ቪዲዮ ቤት ነው። ስለዚህ እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ከተማ የሬስሊንግ ታሪክ ከአዳራሽ ወደ ኪስ የተደረገ ጉዞ ነው፤ በጉዞው ላይ የሚጠፋው ደግሞ ትርኢቱ የቆመበት ዋናው ምሰሶ፣ ተሰብሳቢው ሕዝብ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደብረ ሲናን አልፈው ቁልቁለቱን ሲጨርሱ የምትገኝ የደሴ መንገድ ከተማ ናት። ይፋት የሩቁን ነገር የሚያገኘው ከጥንትም በመንገድ ነው። በዋላስማዎች ሱልጣኔት ዘመን ከዘይላ ወደብ የሚመጣው የሲራራ ንግድ በዚህ ቆላ አልፎ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የጣርማ በር ዋሻ ከተቦረቦረ በኋላ ደግሞ የጭነት መኪና የግመሉን ሥራ ተረከበ። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሥርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አይርቅም ነበር። የቪዲዮ ካሴት ግን ሞገድ አያሻውም። በሾፌር ኪስ፣ በነጋዴ ሻንጣ ተጉዞ ማጫወቻና መብራት ያለበት ሁሉ ይደርሳል። የቆላው ተመልካች ከዋና ከተማው ጋር እኩል ማየት የጀመረው በዚህ መንገድ እንጂ በማሠራጫ ጣቢያ አይደለም።

ቪዲዮ ቤት ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ወጣት በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ አንድ ሰፊ የጭቃ ወይም የቆርቆሮ ክፍል ነው። በሩ ላይ ብርሃን እንዳይገባ ወፍራም መጋረጃ ወይም ማዳበሪያ ይሰቀላል፤ ከውጭ የዕለቱ ፊልምና ሰዓቱ በጠመኔ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ ይደገፋል፤ ድምፁ መንገደኛ እንዲጠራ በሞንታርቦ ወደ ውጭ ይለቀቃል። ውስጡ ጀርባ የሌለው አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ መግቢያው በሳንቲም የጀመረ ነው። የህንድ ፊልም፣ ካራቴ፣ ኋላም የእንግሊዝ እግር ኳስ የታየው እዚያ ነው። ከሁሉም ግን አስተርጓሚ የማይፈልገው ሬስሊንግ ነው። ይህ ለይፋት ቀላል ነገር አይደለም። እሑድ በሰንበቴ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ይገናኛሉ፤ ከነዚህ ሕዝቦች ቋንቋዎች በየትኛውም የተሠራ ፊልም ሁሉንም እኩል አይዝም። ዳኛው ፊቱን ባዞረበት ቅጽበት ተጋጣሚውን በወንበር የሚመታ ሰው ግን በየትኛውም ቋንቋ አጭበርባሪ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ይጮህበታል። ከብት ጥበቃ ላይ በትግል ተፈታትኖ ያደገ ልጅ ደግሞ ማን ማንን በምን ስልት እንደጣለ ለማወቅ የአስተያየት ሰጪውን እንግሊዝኛ አይጠብቅም።

አብሮ ማየት የድሆች ብልሃት ብቻ ነበር የሚል ካለ፣ የአሜሪካኖቹ የራሳቸው ታሪክ መልስ ይሰጠዋል። ሬስልማኒያ የተባለው የሬስሊንግ ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ መጋቢት 22 ቀን 1977 ዓ.ም. በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሲካሄድ፣ አብዛኛው ሰው ያየው ቤቱ ተቀምጦ አልነበረም። ከመቶ በላይ በሆኑ አዳራሾች በተዘረጋ ዝግ መስመር፣ በር ላይ ከፍሎ፣ ከማያውቀው ሰው ጎን ተቀምጦ ነው። ያ ዓመት ለእኛ ሰባ ሰባት ነው። የይፋትና ጥሙጋ አውራጃ በድርቅ የተመታበት፣ የዓለም ካሜራ ወደ ኢትዮጵያ የዞረበት ክፉ ዓመት በመሆኑ ሁለቱን በአንድ መስመር መጻፍ ይከብዳል፤ ዘመኑን ለማስታወስ ግን ያስፈልጋል። ሌላው ማስረጃ ቅርብ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና አዳራሾችን ሲዘጋ ሮውን የሚያዘጋጀው ድርጅት ለወራት በባዶ ወንበር ፊት አታገለ፤ አልሆነለትም። በነሐሴ ወር ወደ 1,000 የሚጠጉ ስክሪኖችን በመድረኩ ዙሪያ ደርድሮ ቤታቸው የተቀመጡ ተመልካቾችን ፊት አሳየባቸው። ጩኸት የሌለበት ሬስሊንግ እንደማይቆም ከማንም በላይ የሚያውቀው ሻጩ ራሱ ነው።

ከቪዲዮ ቤት በኋላ ዲሽ መጣ፤ የዓረብ ጣቢያዎች ያለ ወርኃዊ ክፍያ በየጣሪያው ወረዱ። ቀጥሎ ሚሞሪና ፍላሽ ይዞ ሄዶ ፊልም ማስጫን ተለመደ። እነዚህ ሁለቱ ተመልካቹን ከአዳራሽ አውጥተው ወደ ሳሎን ቢያስገቡትም ብቻውን አላስቀሩትም። አንድ ዲሽ ለቤተሰብና ለጎረቤት ይበቃል፤ አንዴ የተጫነ ሚሞሪም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ስትሪሚንግ ከነዚህ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ኔትፍሊክስ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ130 በላይ በሆኑ አገሮች የተከፈተው በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ነው፤ የአጠቃቀም ውሉ ግን አገልግሎቱ ለግል እንጂ ለንግድ እንዳልሆነ፣ ከአንድ ቤተሰብ ውጭም መጋራት እንደማይቻል ይደነግጋል። በዚህ ውል መሠረት በቪዲዮ ቤት ማሳየት ክልክል ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይጠይቃል፤ ዳታው ለየብቻ ይገዛል። መስመሩም የሚቆመው ኔትወርክ እስካለ ድረስ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ደርሷል፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። በሚሞሪ ውስጥ ያለ ትርኢት እንዲህ ባለ ጊዜም ይታያል፤ በስትሪሚንግ ያለው አይታይም።

ለዚህ ክርክር ሦስት ዓይነት ተቃውሞ ይነሣል፤ ሁለቱ አይከብዱም። የሬስሊንግ ውጤት አስቀድሞ የተወሰነ ነው፣ ውሸት ነው የሚለው ትያትርንም ይነካል፤ በትያትር ተመልካች መካከል መቀመጥን የሚንቅ ግን የለም። ቪዲዮ ቤት ተማሪ ከትምህርት አስቀርቷል፣ ካሴቱም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተባዛ ነበር የሚለው እውነት ነው፤ ይሁንና ይህ ፈቃድና ሰዓት የሚያስተካክለው ጥፋት ነው። የሚከብደው ሦስተኛው ነው። ቪዲዮ ቤት የወንዶች ቤት ነበር። አንዲት ልጅ ያንን መጋረጃ ገልጣ ገብታ አግዳሚ ላይ ብትቀመጥ ስሟ ይነሣ ነበር፤ ስልክ ይዛ ጓዳ ውስጥ ስታይ ግን ማንም አይከለክላትም። «አብሮ» የምንለው ነገር የከተማውን ግማሽ ያስቀረ አብሮነት ነበርና ይህን ሳያምኑ ቪዲዮ ቤትን ማወደስ አይቻልም። ሆኖም ለሴቶች በሩን መጀመሪያ የከፈተው የግል ስልክ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ካና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ በሳተላይት ማሳየት ሲጀምር እናትና ልጅ፣ ጎረቤትና ዘመድ ሳሎን ተሰብስበው ያለ ክፍያ አዩት። ያልተገደበ ማሳያ ካለ ሴቶችም ለራሳቸው የሚሆን አዳራሽ ይሠራሉ። የኔትፍሊክስ ውል የሚከለክለው ያንንም ጭምር ነው።

መፍትሔውም ከኢንዱስትሪው ልማድ የራቀ አይደለም። እግር ኳስ በዲኤስቲቪ ሲሸጥ ለመኖሪያ ቤት አንድ፣ ለሆቴልና ለመዝናኛ ቤት ሌላ ጥቅል አለው፤ ኳስ የሚያሳይ ቤት የሚገዛው ሁለተኛውን ነው። ኔትፍሊክስም አንዳንድ ዘጋቢ ፊልሞቹን ለትምህርት ተብሎ በጉባኤ እንዲታዩ ይፈቅዳል፤ በሩ ጨርሶ አልተቆለፈም ማለት ነው። የአዳራሽ ፈቃድ በብር፣ በቴሌብር በሚከፈል ልክ፣ እንደ ሸዋ ሮቢት ላሉ ከተሞች እንዲሸጥ መጠየቅ ያለባቸው የእኛ ጣቢያዎችና የቴሌኮም ድርጅቶቻችን ናቸው፤ የሮው ውል ገና 10 ዓመቱን አልጨረሰም።