ከቦርዴ ጋን እስከ ብቅል ፋብሪካ

እንደሚታወቀው ገብስ በጨንቻና በቦንኬ ደጋዎች ለምግብም ለመጠጥም የሚውል ነባር ሰብል ነው። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ከእህልና ከብቅል የሚዘጋጀው ቦርዴ ጌሾ ስለማይገባበት ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ትኩስ እንዳለ ይጠጣል። ጠላን ግን ጌሾው ያመረዋል፣ ያቆየዋልም።

ይህ ልዩነት በእንግሊዝ አገርም ነበር። ኤል የሚባለው መጠጣቸው ቀድሞ ያለ ሆፕ የሚጠመቅ ነበር፤ ሆፕ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከባሕር ማዶ ሲገባላቸው ነው መጠጡ መሰንበት የቻለው። የዛሬው ኤል ሆፕ አለው፤ መለያው እርሾው በሙቀት ፈጥኖ መፍላቱ ነው። ላገር የሚባለው የተለመደው የፋብሪካ ቢራ ግን በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ይፈላል። በዚህ ረገድ የእናቶች ጋን ከጠርሙሱ ይልቅ ለኤል ይቀርባል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ተከተለ፤ የአገር ውስጥ ገብስም የፋብሪካ ገበያ አገኘ። ብቅል ፋብሪካ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው እኩል የሚበቅል ገብስ ነው። እርጥብ ሳለ የተከመረ ወይም ነቀዝ የበላው አይበቅልም። ይህን ብቅል የምታበቅል እናት ከማንም በፊት ታውቀዋለች፤ በርክክብ ጊዜ ግን እርሷን የሚጠይቅ ብዙም የለም። መቶ ፍሬ ቆጥሮ፣ ነክሮ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ከጥቂት ቀን በኋላ የበቀለውን መቁጠር ገብሱ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚሠራ ነው።