በረዶን የረገጡ እግሮች

በአዱሊስ ወደብ ከቆመ የድንጋይ ዙፋን ላይ፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አንድ የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጦ ነበር። ጽሑፉ ስሙ ያልደረሰን የአክሱም ንጉሥ የድል መዝገብ ነው። ካስገበራቸው ሕዝቦች መካከል የስሜን ተራሮች ነዋሪዎች ይገኙበታል። አገራቸው ለመውጣት የሚያስቸግር፣ ውርጭ የማይለየው፣ ሰውም በበረዶው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት መሆኑን ድንጋዩ ይመሰክራል። የሰመጠው ዘማች ታሪኩን አስቀረጸ፤ በዚያ የኖረው ደገኛ ግን ስለ አረማመዱ ያስቀረጸው ድንጋይ የለም።

ይህ ዕጣ የስሜን ደገኛ ብቻ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401 ዓመት ማብቂያ ላይ፣ በብርዱ ወራት፣ ከፋርስ የሚመለሱ የግሪክ ቅጥር ወታደሮች የአርመንን ተራሮች ሲያቋርጡ፣ የጭነት ከብቶቻቸው በበረዶው እስከ ሆዳቸው ይሰምጡ ነበር። ከአዛዦቹ አንዱ የነበረው ዜኖፎን እንደ ጻፈው፣ በእንስሳቱ እግር ላይ ትንንሽ ከረጢት እንዲታሰር ያስተማራቸው በምርኮ የያዙት የመንደሩ ጭቃ ሹም ነው። መንገድ መሪ ሆኖ ሲወስዳቸው ግን አንዱ አዛዥ ደበደበው፤ ሰውየውም ልጁን በእጃቸው ትቶ በሌሊት ጠፋ። የዜኖፎን ስም ይኸው እስከ ዛሬ ይጠራል፤ የጭቃ ሹሙን ስም የሚያውቅ የለም።

ከ400 ዓመታት ገደማ በኋላ የኖረው የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦ፣ የካውካሰስ ሰዎች እንደ ከበሮ የሰፋ፣ ከጥሬ የበሬ ቆዳ የተሠራና ሹል ጥርስ ያለው መጫሚያ አድርገው በበረዶ የተሸፈነውን አቀበት እንደሚወጡ፣ ሲመለሱም ከነሸክማቸው ቆዳ ላይ ተቀምጠው ቁልቁል እንደሚንሸራተቱ ጽፏል። የጥበቡ ምሥጢር ግልጽ ነው። የሰውየው ክብደት አይቀነስም፤ በሰፊ ቦታ ላይ ይከፋፈላል። በጠፍር አልጋ ላይ የተኛ ሰው እንደማይወድቅ ሁሉ፣ ሰፊ ጫማ ያደረገም አይሰምጥም። ስፋቱ ከመስመጥ፣ ጥርሱ ከመንሸራተት ያድናል።

ጥበቡ ከስትራቦም እጅግ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. በጣሊያንና በኦስትሪያ ወሰን፣ በ3,134 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አንድ ካርታ ሠሪ ከግግር በረዶ አጠገብ ከእንጨት የተጎበጠና በገመድ የታሰረ ጫማ አገኘ። የቅርብ ዘመን ገበሬ ንብረት መስሎት ለ12 ዓመታት ያህል በቢሮው አቆየው። ሲመረመር ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3800 እስከ 3700 ባሉት ዓመታት የተሠራ ሆኖ ተገኘ። የቢሮ ጌጥ የመሰለው ነገር የአንድ ሕብረተሰብ የኑሮ ትግል ምስክር ነበር።

በሰሜን አሜሪካም የነባር ሕዝቦች እጅ እንጨት አጉብጦ፣ በጠፍር አስሮ፣ ለአደን መሮጫ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በሞንትሪያል የተመሠረተው የበረዶ ጫማ ማኅበር አባላት ይህንኑ አድርገው፣ ችቦ ይዘው፣ የሞንት ሮያልን ተራራ ለመዝናኛ ይወጡ ጀመር። የውድድር ቀን ግን የጫማው ፈልሳፊዎች ልጆች ከአባላቱ ተለይተው ለብቻቸው ይሮጡ ነበር። ዛሬ ጫማው በአሉሚኒየምና በፕላስቲክ ይሠራል፤ ለቀጥ ያለ አቀበትም ተረከዝ ማንሻ ተጨምሮለታል። ሆኖም ስፋቱም ጥርሱም የጥንቶቹ ደገኞች ሐሳብ ነው።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። ከሣር የተሠራው ገሳ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስናይ ማን እንደሠራው፣ ከምን ዓይነት ዝናብ እንዳዳነው እንጠይቃለንን? መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር፣ ከያኒውም ከብዕሩና ከብሩሹ ጋር ወደ ደጋው ወጥቶ ሠሪውን ሰው በአፉ ይጠይቅ፤ ስሙንም ይጻፍ። ያን ጊዜ ታሪካችን የሰመጡትን ብቻ ሳይሆን የተራመዱትንም ያስታውሳል።