ሰፍነግ፦ በቃልና በድንጋይ ወደ ደጋ የወጣ የባሕር እንስሳ



በደሃና፣ በአምደወርቅ አካባቢ፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ አርሶ አደር የአንድ የባሕር እንስሳ ስም በየዓመቱ ይሰማል። በስቅለት ዕለት የሕማማቱ ወንጌል ሲነበብ ሆምጣጤ የሞላው ሰፍነግ ወደ ጌታ አፍ መቅረቡ ይነገራል። ሰፍነጉን የሚያነሡት ማቴዎስ፣ ማርቆስና ዮሐንስ ናቸው፤ ሉቃስ ሆምጣጤውን ብቻ ይጠቅሳል። ይህ ፍጥረት ወደ ደጋችን የደረሰው ሁለት ጊዜ ነው፤ በድንጋይና በቃል። ድንጋዩ እጅግ ይቀድማል፤ እኛ ግን ያወቅነው ከቃሉ በኋላ ነው።

ሰፍነግ ከግሪኩ «ስፖንጎስ» የመጣ የግእዝ ቃል ነው፤ ወንጌል በአክሱም ዘመን ከግሪክ ሲተረጎም ከነገሩ ጋር ስሙም ገባ። አክሱም ግን ለባሕር እንግዳ አልነበረችም፤ ወደቧ አዱሊስ ሰፍነግ በሚበቅልበት በቀይ ባሕር ዳር ነበረች። ዛሬ «ስፖንጅ» ስንል የምናስበው የፍራሽ ሙሌትን ወይም የዕቃ ማጠቢያን ነው። ይህም ያው የግሪኩ ቃል ነው፤ አውሮፓን ዞሮ በሌላ በር ተመለሰ፣ እንስሳውን ግን በመንገድ ጥሎት መጣ።

እንስሳ መሆኑ ራሱ ብዙ አከራክሯል። አሪስቶትል ሰፍነግ ሊነቅሉት ሲሉ ይሸማቀቃል የሚባለውን ጠቅሶ ስሜት ሊኖረው እንደሚችል ጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመናት በእንስሳና በዕፅዋት መካከል ሲዋልል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ የኤደንብራው ሐኪም ሮበርት ግራንት ሕያው ሰፍነግ በባሕር ውሃ ውስጥ አኑሮ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ ከትልቁ ቀዳዳ ውሃ እንደ ምንጭ ያለማቋረጥ ሲፈልቅ አየ። ውሃው የሚገባው በዙሪያው ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ሰፍነግ አፍ የለውም፣ ሆድ የለውም፣ ነርቭም የለውም። በውስጡ ያሉ አንገትጌ ያላቸው ህዋሳት ጅራፍ መሰል ጭራቸውን እየወዘወዙ ውሃውን ይስባሉ፤ ባክቴሪያና ሌሎች ደቃቅ ነገሮችን እያጠለሉ ይመገባሉ። እጩ ሲሆን ይዋኛል፤ ቦታ ከያዘ በኋላ ግን እዚያው ተጣብቆ ይኖራል። ኤች. ቪ. ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1907 ሕያው ሰፍነግ በደቃቅ ሐር ጨርቅ ጨምቆ ህዋሳቱን ቢበታትናቸው፣ ተሰባስበው እንደ ገና ሰፍነግ መሆናቸውን ጽፏል።

በወንጌሉ የተጠቀሰው ሰፍነግ እንግዲህ የሞተ እንስሳ አጽም ነበር። ሆምጣጤውን እንዲይዝ ያደረጉትም በሕይወቱ ሳለ ውሃ የተመላለሰባቸው እነዚያው ቦዮች ናቸው።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንመለስ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላን ለመውጋት የመጣው የናፒየር ጦር ከመርከብ የወረደው ዙላ ላይ፣ ከአዱሊስ ፍርስራሽ አጠገብ ነው። ዋግሹም ጎበዜ፣ ኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ለዚህ ጦር መንገድ መልቀቃቸው በፖለቲካ ታሪካችን ብዙ ተጽፎበታል። ከጦሩ ጋር ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የሕንድ ጂኦሎጂ ጥናት ባለሙያ እንደ ነበረ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ሌላው መድፍና ስንቅ ሲያጓጉዝ እሱ በመንገዱ ላይ ያለውን ድንጋይ ይመረምር ነበር። ሕንጣሎ ላይ የባሕር እንስሳት ቅሪት ያለበትን የኖራ ድንጋይ አጥንቶ በቦታው ስም ጠራው፤ ከአሸንጌ እስከ መቅደላ ላሉት የእሳተ ገሞራ አለቶችም የአሸንጌና የመቅደላ ስም ሰጣቸው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1870 ታተመ፤ ስሞቹም ከጂኦሎጂ መዝገብ አልወጡም።

የሕንጣሎው ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ በጁራሲክ ባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ነው። ከኮራል ጋር ስትሮማቶፖሮይድ የሚባሉ፣ ድርብርብ ሆነው የሚያድጉ ፍጥረታት ቅሪት ይገኝበታል። ሊቃውንት እነዚህን ለብዙ ጊዜ ከሰፍነግ ይልቅ ከሃይድራ ወገን ይቆጥሯቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ሃርትማንና ጎሮ በጃማይካ ባሕር ስላገኟቸው ጠንካራ የኖራ አጽም ያላቸው ሕያዋን ሰፍነጎች ካሳተሙ በኋላ ነገሩ ተለወጠ፤ ስትሮማቶፖሮይዶችም ከሰፍነግ ወገን ተቆጠሩ። ከብላንፎርድ ጉዞ እስከዚህ ድረስ አንድ መቶ ዓመት አልፏል።

የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን «ፖሪፌራ» ብለው ሲጀምሩ ተማሪው ጉዳዩን የሩቅ አገር ነገር አድርጎ ቢያየው አልፈርድበትም። በእኔ አስተያየት ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲሰማው ያደገው ቃል መቅደም አለበት።

በደሃና የምንረግጠው በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ፍል አለት ነው። የባሕሩን ድንጋይ ለማየት የሚሻ ተማሪ ከተከዜ ማዶ ወደ ሕንጣሎ ይሂድ። በጥቂቱ የተበረዘ አሲድ ጠብ ቢያደርግበት የኖራው ድንጋይ ይፈላል፤ ባዛልቱ ዝም ይላል። ከዚያ አጉሊ መነጽሩን ያውጣና በድንጋዩ ላይ መረብ የመሰለ፣ በስስ በስሱ የተደራረበ መስመር ይፈልግ።