ግማሹ ዋሽንግተን የቀረው ባንድ

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋሊያስ ባንድ ማሕሙድ አህመድንና ጌታቸው ካሣን ይዞ አሜሪካ ገባ። ከዚያ በፊት አሜሪካን ዞሮ የተጫወተ ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ አልነበረም። በየአዳራሹ የተገኘው ታዳሚ በአብዛኛው አብዮቱን ሸሽቶ የወጣ ኢትዮጵያዊ ነው። ጉዞው አልቆ የመመለሻው ጊዜ ሲደርስ ግን ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። አቀናባሪውና ፒያኒስቱ ግርማ በየነ፣ ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ፣ ሳክስፎኒስቱ ሞገስ ሀብቴና ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ መላከ ገብሬ ደርግ ወደሚገዛት አገር ላለመመለስ ወስነው እዚያው ቀሩ። ትራምፔት ነፊው ዮሐንስ ተኮላና ድራመሩ ተማረ ሐረጉ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ስሙን ይዞ በሂልተን ሆቴል የቀጠለ ዋሊያስ ከዚያም በኋላ ነበረ፤ ያ የምናውቀው ዋሊያስ ግን በዚያ ጉዞ አከተመ።

ታዋቂ ባንዶች ለምን ይፈርሳሉ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያነሳው ጠብን ነው። ትዕቢት፣ ሴት፣ መጠጥ፣ ቅናት። ቢትልስን ያፈረሰችው የጆን ሌነን ባለቤት ዮኮ ኦኖ ናት የሚለው ወሬ ከሃምሳ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። መዝገቡ የሚለው ሌላ ነው። የቢትልስን ገንዘብና ውል ጠቅልሎ የያዘው ሥራ አስኪያጃቸው ብራያን ኤፕስታይን ነሐሴ 1967 (እ.ኤ.አ.) ላይ ሞተ። ከዚያ በኋላ ንብረታችንን ማን ያስተዳድር በሚለው አራቱ መስማማት አቃታቸው። ሦስቱ አለን ክላይንን መረጡ፤ ፖል ማካርትኒ የሚስቱን ቤተሰብ ጠበቆች መረጠ። በ1970 የመጨረሻ ቀን ማካርትኒ ሽርክናው እንዲፈርስለት ፍርድ ቤት ሄደ፤ ነገሩ በሕግ የተቋጨው በ1975 ነው። በአንጻሩ አሜሪካዊው አር ኢ ኤም ባንድ በ1980 ሲመሠረት የጀመረውን ልማድ እስከ መጨረሻው ጠበቀ፦ ዘፈኑን ማንም ይድረሰው ማን፣ ደራሲ ተብሎ የሚመዘገበው ሁሉም አባል ነው። ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ ያለ ክስና ያለ ስድብ ተለያዩ።

እኔ የእኛን ባንዶች ታሪክ የማነበው በዚህ በኩል ነው። መሣሪያው የማን ነው? ስሙ የማን ነው? ዘፈኑስ? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያጡበት ባንድ ትንሽ ነገር ሲነካው ይፈርሳል፤ የእኛዎቹን ደግሞ የነካቸው ትንሽ ነገር አልነበረም።

መነሻው ሩቅ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከዘር ፍጅት የተረፉ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ማርሽ ሲነፉ ሰምተው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። "አርባ ልጆች" የተባሉት እነዚህ ናቸው፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ ወዲህ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ባንድ ማለት የመንግሥት ባንድ ማለት ሆነ፦ ክብር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። ሙዚቀኛው ደመወዝ አለው፣ ዩኒፎርም አለው፣ ማዕረግ አለው። ትራምፔቱ ግን የመንግሥት ንብረት ነው፤ ከሥራ ሲወጣ ለንብረት ክፍል ያስረክበዋል። እንዲህ ያለ ባንድ በጠብ አይፈርስም፤ ወታደር አኩርፌያለሁ ብሎ መሄድ አይችልምና። የሚፈርሰው መሥሪያ ቤቱ ሲናጋ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክብር ዘበኛ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሪነት መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ሲከሽፍ ጦሱ ለኦርኬስትራውም ተረፈ። የክፍሉ ዝነኛ ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ ታሰረ፤ ከእስር ሲወጣም መድረኩ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሆነ።

ከመሥሪያ ቤት ውጭ በራሳቸው የቆሙ ባንዶች በ1960ዎቹ ዓ.ም. መባቻ ሲመጡ ነገሩ ሁሉ አዲስ ነበር። ወጣቱ አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተሙን የመንግሥት ብቸኛ መብት ተጋፍቶ በ1969 (እ.ኤ.አ.) አምሃ ሪከርድስን ከፈተ፤ የመጀመሪያ ሥራው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። በዚያው ሰሞን ሶል ኤኮስ የተባለው ባንድ በተሾመ ምትኩ ድምፅ አዲስ አበባን ያዘ። ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። ተሾመ በመንግሥት ዓይን ውስጥ ገባና በ1970 (እ.ኤ.አ.) ገደማ አገሩን ጥሎ ወጣ፤ ኑሮውን ስዊድን አደረገ። (በ1998 እ.ኤ.አ. "ቢግ ቢግ ወርልድ" በሚለው ዘፈን ዓለምን ያዳረሰችው ስዊድናዊት ኤሚሊያ የእሱ ልጅ ናት።) ድምፃዊው ሲሰደድ ባንዱ ሊቆምበት የሚችል ሌላ ምሰሶ አልነበረውም።

ዋሊያስ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ናይት ክለብ የሚሠራ ሙዚቀኛ እንደ አስተናጋጁ ሁሉ የባለቤቱ ተቀጣሪ ነው፤ ድራሙም አምፕሊፋየሩም የክለቡ ነው። ባለቤቱ ከተቀየመ ባንዱ ባዶ እጁን ይወጣል። የዋሊያስ ልጆች ግን ገንዘብ አጠራቅመው የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ስለዚህ የተሻለ ውል ያለበት መሄድ ቻሉ፤ የተሻለው ደግሞ ሂልተን ነበር።

አብዮቱ ፈንድቶ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የከተማው የሌሊት ሕይወት ተዘጋ ማለት ይቻላል። በትልልቅ ሆቴሎች የሆነውን ግን ልብ ይሏል። ሰዓት እላፊው ከመድረሱ በፊት የገባ እንግዳ መውጣት ስለማይችል በሩ ይዘጋና እስኪነጋ እዚያው ያድራል። ባንዱም አብሮ ያድራል። ውጭ ተኩስ እየተሰማ፣ ሰው እየታፈሰ፣ ውስጥ ጥንዶች ተቃቅፈው ይደንሳሉ። አንድ ምሽት ሙሉ መጫወት ማለት ድምፃዊ ብቻውን የሚዘልቀው ነገር አይደለም፤ ለረጅም ሰዓት መድረኩን የሚይዘው ያለ ዘፋኝ የሚጫወተው ባንድ ነው። ዋሊያስ ያን በመሣሪያ ብቻ የመናገር ችሎታውን ያዳበረው በእነዚያ ሌሊቶች ይመስለኛል። በ1977 (እ.ኤ.አ.) "ቼ በለው" የተሰኘውን አልበም ያለ አንድም ድምፃዊ፣ በራሱ ስም አወጣ። ሙላቱ አስታጥቄ በእንግድነት ተጫውቶበታል። "ሙዚቃዊ ስልት" የተባለው የግርማ በየነ ድርሰት ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ከኒውዮርክ እስከ አውሮፓ ባንዶች የሚጫወቱት።

ከዚያ በኋላ ነው አሜሪካ የሄዱት። እነዚህ ሰዎች መሣሪያቸው የራሳቸው ነበር፣ ስማቸውም የራሳቸው ነበር፤ የራሳቸው ያልሆነው ፓስፖርታቸው ነው። የመውጫ ቪዛ በልመና በሚሰጥበት ዘመን አንዴ የወጣ ሰው ነገም ይፈቀድልኛል ብሎ አያስብም። ተመልሶ መኖር ወይም ቀርቶ መኖር እንጂ "አሁን ልመለስና ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እንመጣለን" የሚባል ምርጫ አልነበረም። ሌላው ዓለም ውስጥ ባንድ ለሁለት ዓመት አርፎ፣ ተኳርፎ፣ ታርቆ እንደገና ይሰበሰባል። ለዋሊያስ ያን የሚፈቅድ መንግሥት አልነበረም።

አሜሪካ ከቀሩት አራቱ ሦስቱ፣ ኃይሉ፣ ሞገስና መላከ፣ ዙላ ባንድ ብለው ዋሽንግተን ውስጥ ለስደተኛው ወገናቸው ተጫወቱ። ኃይሉ በ1985 (እ.ኤ.አ.) አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ታክሲ ነጂ ሆነ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ይዞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከመኪናው የዕቃ መጫኛ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር። ተሳፋሪ ሲመጣ ኪቦርዱ ወደ ዕቃ መጫኛው ይመለሳል። አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ዳግም እስኪያሳትምለት ድረስ ኑሮው ይህ ነበር።

አገር ቤት የቀረውን ወገን ታሪክ ደግሞ ሮሃ ይነግረናል። ሮሃ በፊት ስሙ አይቤክስ ነበር፤ ቤዝ ጊታሩን ጆቫኒ ሪኮ፣ ሊድ ጊታሩን ሰላም ስዩም፣ ሳክስፎኑን ፈቃደ አምደመስቀል የያዙበት። ቤታቸው ራስ ሆቴል ነበር። በ1976 (እ.ኤ.አ.) ከብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ የመጣ ስዊድናዊ ባለሙያ በሆቴሉ ውስጥ ባለ አራት ትራክ መቅጃ ዘርግቶ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሥራቸውን ቀድቷል። ከዚያ በፊት፣ በ1975፣ የማሕሙድ አህመድን "እሬ መላ መላ" ያጀቡት እነሱ ናቸው። ያ ሥራ በ1986 ቤልጅየም ታትሞ ማሕሙድን ለአውሮፓ አስተዋወቀው።

በካሴቱ ዘመን አይቤክስና ሮሃ ያጀቧቸው አልበሞች ከ250 በላይ እንደሚሆኑ ይነገራል። ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የአንድ ትውልድ ሠርግ፣ ፍቅርና ሐዘን በእነዚህ ጥቂት ሰዎች ጣት አልፏል። የካሴቱ ሽፋን ላይ ግን ያለው የዘፋኙ ፎቶ ነው። ስማቸው ካለም ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ ከግጥምና ከዜማ ደራሲው ቀጥሎ "ሙዚቃ፦ ሮሃ ባንድ" ተብሎ ነው። አሠራሩም እንደ ሽፋኑ ነው፦ ሙዚቃ ቤቱ ሥራውን በአንድ ጊዜ ክፍያ ይገዛል፣ ባንዱ የድካሙን ይቀበላል፣ ካሴቱ ስንት እንደተሸጠ ከዚያ በኋላ አያገባውም። ሃያ ዓመት አብሮ የሠራ ባንድ ሲለያይ የሚካፈለው ነገር የለውም። የሚካፈሉት ንብረት የሌላቸውን ሰዎች አንድ ላይ የሚያቆያቸው ፍቅር ብቻ ነው፤ ፍቅርም የቤት ኪራይ አይከፍልም።

እኔ ባለሁበት መቀሌ፣ ከቃላሚኖ ጀምሮ እስከ መሀል ከተማው፣ የኪሮስ አለማየሁን ዘፈን የማያውቅ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ኪሮስ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ቢያርፍም ዛሬም በየሠርጉ፣ በየሚኒባሱ አለ። ከኋላው ያሉትን መሣሪያ ተጫዋቾች ስም ጥሩልኝ ብዬ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ። ኪሮስን እንደ ቤተሰባቸው የሚወዱ ሰዎች እንኳ አንድ ስም መጥራት ያቅታቸዋል። ይህ የአድማጭ ጥፋት አይደለም፤ ማንም አልነገራቸውም።

ሕጉ የመጣው ዘግይቶ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የደራሲን መብት አንስቷል፤ ተጫዋቹን፣ ማለትም ሳክስፎን ነፊውንና ድራመሩን፣ በራሱ ባለ መብት አድርጎ በግልጽ የጠቀሰው ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ ሲወጣ ሮሃ የለም፤ ሰላም ስዩምም ኑሮውን አሜሪካ አድርጓል። ሰላም ሮሃ ውስጥ እየተጫወተ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንቶ የመመረቂያ ጽሑፉን በዘመናዊ ሙዚቃችን አመጣጥ ላይ የሠራ ሰው ነው። ጊታሪስቶቹ ታሪካቸውን ራሳቸው ካልጻፉ ማን ይጽፍላቸው ነበር?

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሰዓት እላፊው ሲነሳና መውጫው በር ሲከፈት ባንዶች ያብባሉ ብሎ የጠበቀ ብዙ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። አንድ ኪቦርድ የትንፋሽ መሣሪያውንም፣ የቤዙንም፣ የድራሙንም ድምፅ ማውጣት ጀመረ፤ ሬስቶራንቱም ሙዚቃ ቤቱም ለስድስት ሰው ከመክፈል ለአንድ መክፈልን መረጠ። ብዙዎቹ ባንዶች ፈረሱ የተባለ ሳይሰማ፣ ሥራ እየራቃቸው ከሰሙ። በ2005 ዓ.ም. ገደማ ጃኖ ባንድ በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት "ኤርታሌ"ን ይዞ ሲመጣ ያስደሰተኝ የሮክ ጊታሩ ብቻ አልነበረም፤ ሽፋኑ ላይ ያለው የባንዱ ስም ነው።

ግርማ በየነ ዋሽንግተን ከቀረ በኋላ ለረጅም ዘመን ከሙዚቃ ርቆ ኖረ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) አካሌ ውቤ ከተባለ የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አወጣ። የባንዱ አባላት ፓሪስ ውስጥ ተሰባስበው የእኛን የድሮ ሙዚቃ ሲያጠኑ የኖሩ ልጆች ናቸው፤ ስማቸውን የወሰዱት ከሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ሥራ ነው። የአልበሙ ሽፋን ላይ "ግርማ በየነ እና አካሌ ውቤ" ተብሎ ሁለቱም ተጽፈዋል።