የኅብረት እርሻ ዘመን ትራክተር እንዴት ይታወቃል?

ትራክተር የዘመን ምስክር ነው። ስለዚህ አሮጌውን ትራክተር ለይተን ስናውቅ የአባቶቻችንን ታሪክ እናነባለን።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ትራክተር ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲገባ ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ ተፈናቀለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮም ገበሬው መልባ፣ ወልባና ወላንድ በተባሉ ደረጃዎች በኅብረት እንዲያርስ ተደረገ። ከመቂያችን በማይርቀው ናዝሬትም በ1970ዎቹ ዓመታት በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቋመ።

በሚንስክ ከተማ የተሠራው «ቤላሩስ» በቁጥሩ ይታወቃል። ኤም ቲ ዜድ 50 የ55 ፈረስ ጉልበት፥ ኤም ቲ ዜድ 80 ደግሞ የ80 ፈረስ ጉልበት አለው። ቁጥሩ 52 ወይም 82 ከሆነ የፊት እግሩም በሞተር ይነዳል፤ የፊት ጎማውም እንደ ኋለኛው ጥርስ አለው።

ነገር ግን ማኅበርተኛው እህሉን በተወሰነ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ማስረከብ ግዴታው ነበረና፥ የመኪናው ጉልበት ልቡን አላሸነፈውም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ በታወጀ ጊዜ አብዛኞቹ ማኅበራት ወዲያው ፈረሱ።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች፥ ብረቱ ለቁራሌው ሳይሸጥ ቁጥሩንም የነዱትን አባቶች ቃልም እንመዝግብ።