ስለ ጥቅልሉ የፊት ሸራ

በግብረ ሐዋርያት በ27ኛው ምዕራፍ ወንጌላዊው ሉቃስ የቅዱስ ጳውሎስን የሮሜ ጉዞ ሲተርክ፣ 276 ነፍስ የያዘችው የእስክንድርያ መርከብ ብዙ ቀንና ሌሊት በማዕበል ስትንገላታ ቆይታ መላጥያ ወደምትባለው ደሴት በቀረበች ጊዜ፣ መርከበኞቹ መልሕቆቹን በባሕር ውስጥ ትተው፣ የመሪዎቹን ማሰሪያ ፈትተው፣ በመርከቢቱ ግንባር የነበረውን ሸራ ለነፋሱ አንሥተው ወደ ባሕሩ ዳር እንዳቀኑ ይነግረናል። በጽርዕ ቋንቋ አርቴሞን የተባለውን ይህን ሸራ አንባቢው፣ ልቡ በነፍሳቱ መዳን ላይ ስለሚሆን፣ ሳያስተውለው ያልፋል፤ የሐመርን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ግን በዚያች የጭንቅ ሰዓት ከሸራ ሁሉ እርሱ የተመረጠበትን ምክንያት ይረዳል። ከፊት ሆኖ የሚስብ ሸራ የመርከቢቱን ግንባር ነፋሱ ወደሚሄድበት ያቀናልና፣ ጎኗን ለማዕበል ሳትሰጥ በቀጥታ ወደ የብስ ትሮጣለች።

እኛ የደጋ ሰዎች ሸራ የሚለውን ቃል ለድንኳንና ለጭነት መሸፈኛ ስለለመድነው የባሕር ቃል መሆኑን ዘንግተነዋል፤ ዐረቦች ግን የመርከብን ሸራ እስከ ዛሬ ሺራዕ ይሉታል። በባሕር ላይ እንግዲህ ከሸራ ሁሉ ብዙ ሥራ የሚሠራው፣ ከሸራ ሁሉም ብዙ ሰው ያስጨነቀው ይህ በግንባር የሚቆመው ነው። ዛሬ በመዝናኛ ጀልባ ላይ የተቀመጠ ሰው ከስፍራው ሳይነሣ አንድ ገመድ ስቦ እንደ ብራና ክታብ ጠቅልሎ የሚዘጋው ይህ ሸራ፣ ወደዚህ ማዕረግ እስኪደርስ ምን ያህል ዘመንና ምን ያህል ድካም እንደ ፈጀ ማሰብ፣ ለእኔ ከብዙ ታላላቅ ጦርነቶች ታሪክ ይልቅ የሰውን ልጅ የሚያስመሰግን ሆኖ ይታየኛል።

በጥንቱ ሥርዐት የፊት ሸራ የሚታሰረው ከመርከቡ ግንባር አልፎ በውሃው ላይ በተዘረጋ ግንድ ጫፍ ነበር። ነፋሱ ለስላሳ ሲሆን ሰፊው፣ ሲበረታ መካከለኛው፣ ዐውሎ ሲነሣ ደግሞ ትንሹና ወፍራሙ ሸራ ይሰቀል ነበርና፣ ሰማዩ በተለዋወጠ ቁጥር አንድ ሰው በዚያ ግንድ ላይ እየዳኸ ሄዶ፣ መርከቡ በሞገድ ሲወድቅ እስከ ወገቡ በውሃ እየተጠመቀ፣ በአንድ እጁ ራሱን በሌላው እጁ የረጠበውን ሸራ ይዞ፣ አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ማሰር ነበረበት። እንግሊዝኛ ተናጋሪ መርከበኞች ያንን ግንድ መበለት አድራጊ ብለው የሰየሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰውን ከዚህ መከራ የማውጣት አሳብ መጀመሪያ የጸናው በፊት ሸራ ሳይሆን በላይኛው አራት ማዕዘን ሸራ ላይ ነው። በ1850 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሰዎች አንዱ የሆነው ካኒንግሃም፣ ሸራው የተንጠለጠለበት አግዳሚ እንጨት በሰንሰለት እየተሽከረከረ ሲወርድ ሸራውን በራሱ ላይ የሚጠቀልልበትን ብልሃት በባለቤትነት አስመዘገበ፤ መርከበኛውም ምሰሶ ሳይወጣ ከወለል ቆሞ ሸራውን ማሳነስ ቻለ። ብልሃቱ በብዙ የንግድ መርከቦች ገባ። በግንባሩ ያለው ሸራ ግን እንደ ቀድሞው ቀረ፤ ብቻውን ዓለምን በመዞር የመጀመሪያ የሆነው ጆሹዋ ስሎከም እንኳ ከ1895 እስከ 1898 ዓ.ም. ስፕሬይ በተባለችው ጀልባው ሲጓዝ የፊቱን ሸራ የሚያወርድለት ከገዛ እጁ በቀር ሌላ አልነበረውም።

በ1907 ዓ.ም. ዊከም ማርቲን የተባለ እንግሊዛዊ ያወጣው መሣሪያ ሲታይ እጅግ ትንሽ ነው። በታች ገመድ የሚጠመጠምበት ትንሽ የነሐስ ከበሮ፣ በላይ በኩሽኔታ የሚዞር ማያያዣ፣ በመካከላቸውም በሸራው የፊት ጠርዝ ውስጥ የተሰፋ ሽቦ፤ ከዚህ ሌላ ምንም የለውም። ከበሮው ላይ የተጠመጠመው ገመድ ከኋላ ሲሳብ ከበሮው ይዞራል፤ ሽቦውም አብሮ እየዞረ ሸራውን በራሱ ላይ ይጠቀልለዋል፤ የሸራው መወጠሪያ ገመድ ሲሳብ ደግሞ ተመልሶ ይዘረጋል። ብልሃቱ ያማረ ቢሆንም ጉድለት ነበረበት፤ ሽቦ ሲጠመዘዝ ታችኛው ጫፉ ቀድሞ ላይኛው ስለሚዘገይ፣ ሸራው በግማሽ ተጠቅልሎ ነፋስ ቢቀበል ቅርጹ ይበላሽና እንደ ከረጢት ይነፋል። ስለዚህ ሸራው ወይ ፈጽሞ የተዘረጋ ወይ ፈጽሞ የተዘጋ መሆን ነበረበት፤ እንደ ነፋሱ መጠን ማሳነስ አይቻልም ነበር። ይህን ጉድለት ቆጥረው መሣሪያውን እንደ መጫወቻ የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም፤ ሰውን ከግንዱ ጫፍ ወደ ጀልባው ወገብ የመለሰው እርሱ ነውና፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ሁሉ የእርሱን ከበሮ አስፍቶ የሠራ ነው።

ሁለተኛው መሰናክል የጨርቁ ጠባይ ነበር። የኤውሮፓ መርከቦች ለብዙ ዘመን በተልባ እግር ጨርቅ ሲጓዙ፣ በ1851 ዓ.ም. አሜሪካ የተባለችው ጀልባ ጥብቅ ሆኖ በተሸመነ የጥጥ ሸራ የዋይትን ደሴት ዞራ የእንግሊዝን ጀልባዎች ስለ ቀደመች፣ የጥጥ ክብር እጅግ ከፍ ብሎ ነበር። ይሁን እንጂ ተልባ እግርም ሆነ ጥጥ እርጥብ ሆኖ ተጠቅልሎ ከሰነበተ ይሻግታል፣ ይበሰብሳል። የሸራ ባለቤት ከዝናብ በኋላ ሸራውን ዘርግቶ ማድረቅ እንደ ጸሎት ሰዓት የማይታጎል ግዴታው ስለ ነበር፣ ወራት ሙሉ ተጠቅልሎ፣ ምሰሶውን ከግንባሩ ጋር በሚያስረው የፊት አውታር ላይ የሚያድር ሸራ የሚታሰብ አልነበረም። ይህን ቋጠሮ የፈታው ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1941 ዓ.ም. ያገኙት ፖሊስተር የተባለው ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሸራ ሰፊዎች ሁሉ ወደ እርሱ ዞሩ። ፖሊስተር ውሃ አያበሰብሰውም፤ ጠላቱ ፀሐይ ናት።

በዚህ መካከል ችግሩን በሌላ መንገድ የሸሹ ብልሆች ነበሩ። በ1960 ዓ.ም. ከፕሊመዝ ወደ ኒውዮርክ በተደረገው የብቸኞች ውድድር ሐስለር የተባለው የእንግሊዝ መኮንን፣ ጀስተር በምትባል ትንሽ ጀልባው ላይ የፊት ሸራን ፈጽሞ ትቶ በቻይናውያን ሥርዐት የተሠራ አንድ ሸራ ብቻ ሰቀለ፤ ከመቀመጫው ሳይወጣ ሁሉን እያዘዘም በ48 ቀን ሁለተኛ ሆኖ ገባ። አንደኛው ቺቸስተር በ40 ቀን የደረሰው ግን የፊት ሸራ ባላት ጀልባ ነበር።

ፍጹሙ መፍትሔ የመጣው ካልታሰበበት በኩል ነው። በ1970ዎቹ ተወዳዳሪ ጀልበኞች አንዱን ሸራ ሳያወርዱ ሁለተኛውን ለመስቀል ሲሉ በፊት አውታር ላይ ሁለት ቦይ ያለው ዘንግ ማልበስ ጀመሩ፤ የሸራው ጠርዝ በቦዩ ውስጥ እየተንሸራተተ ይወጣል። ይህ የአሉሚኒየም ዘንግ ከዊከም ማርቲን ከበሮ ጋር በተጋባ ጊዜ፣ እንደ ሽቦ የማይጠመዘዝ ስለሆነ የከበሮውን መዞር ከታች እስከ ላይ ሳያዛባ አደረሰ፤ ሸራውም በግማሽ ተጠቅልሎ ነፋስ መቀበል ቻለ። ሸራን ፈጥኖ ለመለወጥ የተፈለሰፈው ቦይ ሸራን ጨርሶ ላለመለወጥ ዋለ።

ድካሙ ግን አልጠፋም፤ ከባሕር ወደ ወደብ ተዛወረ እንጂ። ዱሮ ሰው በማዕበል ላይ በጉልበቱ ይከፍል የነበረውን ዕዳ ዛሬ አዲስ ሸራ ሲያሠራ አስቀድሞ በጥንቃቄ በመለካት ይከፍለዋል። የሸራው የፊት ጠርዝ ቁመት የሚለካው ላይኛው ማያያዣ እስከ መጨረሻ ከፍ ብሎ፣ ከእርሱ ጀምሮ ታች ከበሮው እስካለው ማሰሪያ ድረስ ነው፤ ጨርቁ ሲወጠር እንደሚረዝምም ታስቦ ጥቂት ይቀነስለታል። ከዚህ ልክ የረዘመ ሸራ ከቶ አይወጠርም፤ ያጠረ ሸራ ደግሞ የባሰ ያሳስታል፤ የሚመች መስሎ ይሰቀልና ማያያዣውን ከጫፍ በታች ያስቀረዋል። ያን ጊዜ ሸራው የሚሰቀልበት ማንሻው ገመድ ከዘንጉ ጋር ተጠግቶ ስለሚወርድ፣ ዘንጉ ሲዞር ገመዱም አብሮ ይጠመጠምበታል፤ መሣሪያው ይቆለፋል፤ ኃይል ጨምሮ የሚስብ ሰውም ገመዱን ይበጥሳል፣ አንዳንዴም የፊቱን አውታር አበላሽቶ ምሰሶውን ለአደጋ ይሰጣል። ስለዚህ ላጠረ ሸራ በላይኛው ጫፉ ላይ ቁራጭ የሽቦ ገመድ ይቀጠልለታል፤ ማያያዣውም ወደ ሥፍራው ወጥቶ፣ ማንሻው ገመድ ከዘንጉ ጥቂት ወደ ኋላ ዘመም ብሎ ወደ ምሰሶው ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚስተው በዚህ ስፍራ ስለሆነ ደግሜ እላለሁ፤ ትንሿ የገመድ ዘመምታ የመሣሪያው ሁሉ ነፍስ ናት።

በቦዩ የሚገባው የጠርዝ ክርም ከቦዩ ስፋት ጋር መስማማት አለበት፤ የወፈረ አይገባም፣ የቀጠነ በነፋስ ተስቦ ይወጣል። በሸራው የኋላና የታች ዳር ደግሞ ከፀሐይ የሚጠብቀው ሌላ ጨርቅ ይሰፋል፤ ሸራው ሲጠቀለል ይህ ጨርቅ ብቻ በውጭ ይቀርና ለመጽሐፍ ማኅደር እንደሚሆን ሁሉ ለሸራው ማኅደር ይሆናል።

የመስቀያው ቀን ነፋስ የሌለበት ማለዳ ቢሆን ይመረጣል። ሸራው በወለሉ ላይ ታጥፎ ይቀመጣል፤ የታችኛው የፊት ማዕዘኑ በከበሮው ላይ፣ የላይኛው ጫፉ በላይኛው ማያያዣ ይታሰራል፤ ከዚያም አንዱ ጠርዙን ወደ ቦዩ አፍ እየመራ፣ ሌላው ማንሻውን ገመድ በዝግታ ይስባል፤ ከያዘም አይታገልም፣ መልሶ አውርዶ ያስተካክላል እንጂ። ሸራው በወጣ ጊዜ መወጠሪያዎቹ ገመዶች ይታሰሩና፣ በእጅ በቀስታ እየተስተካከለ ሸራው እስከ መጨረሻ ይጠቀለላል፤ ተጠቅልሎ ካለቀ በኋላም ገመዶቹ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲዞሩበት ይደረጋል፤ ለዚህ የሚበቃ ገመድ በከበሮው ላይ መትረፉም ይታያል። በውጭ የታየው የፀሐይ መከላከያው ጨርቅ ከሆነ ሥራው ተፈጽሟል፤ ነጩ ሸራ ከታየ ግን የከበሮው ገመድ በተቃራኒ አቅጣጫ ተጠምጥሟልና፣ ሸራውን ዘርግቶ፣ ከበሮውን ባዶ አድርጎ፣ ገመዱን በሌላው ጎን እንደገና መጠምጠም ነው።